ሠላሳው ነጫጭ አይጦች ወደ አልዩ አምባ የተሰደዱበት ዜና

አብዮት በፈነዳ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት፣ ወሩም ኅዳር በሆነ ጊዜ፣ ነጫጮቹ አይጦች የመድኃኒት ጠብታ መቅመስ በጀመሩ በስምንተኛው ወር፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ በየማለዳው የቧንቧውን ውሃ አላወርድ ባለበት ሰሞን፣ ወልደ ሰንበት ዘአንኮበር፣ መርፌው የማያሳምም፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ የሠላሳ ጅራት ጠባቂ፣ በኬላ ያልተያዘ፣ በሊቀ መንበር ፊት ያልደነገጠ፣ ያደረገውን ታላቅ ሥራ እንጽፋለን። ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል።

እኔ ጸሐፊው ኃይለሚካኤል በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ፣ ኋላም በጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሆንሁ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሕመምተኛ ስምና ዕድሜ ብቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ለብዕሬ የሚበቃ ነገር ያገኘሁት በዚህ ሰው ነው። ወልደ ሰንበትን አንተ እያልሁ መጻፌን የሚነቅፍ ቢኖር፣ በአገራችን ጀግናና ጻድቅ አንቱ እንደማይባሉ ያስታውስ።

ይህ ወልደ ሰንበት ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩም አጭር፣ በአንኮበር ለአሥራ ሁለት ዓመት ድሬሰር ሆኖ ቆላና ደጋውን በመርፌ ያዳረሰ ሰው ነበረ። ወደ ደብረ ብርሃን የወጣው ለሹመት አይደለም፤ ስለ ታናሽ እኅቱ ስለ ደመቀች ነው። ደመቀች በሃያ አራት ዓመቷ ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረች፤ ድምፁም ከቤት አስወጥቶ በየሜዳው ያንከራትታት ነበር። ሃሎፔሪዶል የሚባለው መድኃኒት ሲሰጣት ድምፁ ጸጥ አለ፤ እርሷም ወደ ጥጥ ፈተላዋ ተመለሰች። ነገር ግን መድኃኒቱን በወሰደች በአምስተኛው ዓመት አፏ ብቻውን መንቀሳቀስ ጀመረ። ምንም ሳትጐርስ ታላምጣለች፤ ምላሷ ጉንጯን ይገፋል፤ ከንፈሯ ይመጠምጣል፤ ተው ብትለው አይሰማትም።

በዚያም ዘመን ሽማግሌ ሳይቀር ፊደል ይቆጥር ነበርና፣ ደመቀች በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ክፍል ገብታ ሳለ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወልደተንሣኤ ለጉብኝት መጣ፤ አፏንም አየና በትምህርት ሰዓት ማስቲካ የምታኝክ መሰለው፤ ቁሚና ትፊ አላት። እርሷም ቆማ ባዶ አፏን ከፍታ አሳየችው፤ ክፍሉም ሳቀ፤ እርሱ ግን ዋጠችው ብሎ ከክፍል አስወጣት። ከዚያ ቀን ወዲያ ደመቀች ወደ ትምህርት አልሄደችም፤ ከቤት ስትወጣም አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ጀመር።

የአይጦቹንም ነገር ወደ ከተማችን ያመጡት ዶክተር ለተጊዮርጊስ ናቸው። እኒህ ሴት ከኛ አገር ይልቅ በሚበርድ አገር ተምረው የመጡ፣ ሰው የሚስቅበትን ነገር በጽሞና የሚጠይቁ ሐኪም ነበሩ። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክተኛ አለ፤ መልእክተኛውም የሚገባባቸው ተቀባይ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ መድኃኒቱ በሮቹ ላይ እንደ ዘበኛ ተቀምጦ መልእክተኛውን ይመልሳል፤ ሕመምተኛውም ያርፋል። ይህ የታወቀ ነው። ዶክተር ለተጊዮርጊስ ግን፣ በሩ ዓመት ሙሉ ሲዘጋበት አንጎል ምን ያደርጋል አሉ፤ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ወይስ ሌላ በር ይከፍታል? የደመቀች አፍስ በዚህ ምክንያት ይሆን? የሰውን አንጎል ከፍቶ ማየት ስለማይቻል ሠላሳ ነጫጭ አይጦች አስመጡ፤ ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ የበግ ጠጕር መጋዘን አኖሯቸው፤ ሃያው በየማለዳው መድኃኒቱን፣ አሥሩ ንጹሕ ውሃ በጠብታ እንዲቀምሱ አዘዙ። ስምንት ወር ሲሞላ የሁሉም አንጎል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ተፈጭቶ፣ በበሮቹ ላይ የሚጣበቅ ምልክት ያለው ጨረር አዘል ነገር ይጨመርበታል፤ የተጣበቀውም በመሣሪያ ይቆጠራል። ብዙ ከተጣበቀ በሩ በዝቷል ማለት ነው።

ለዚህም ሥራ ጠባቂ ሲፈለግ ወልደ ሰንበት ሳይጠሩት መጣ። እነሆ ሠራዊቱ፦ በጅራታቸው ላይ በሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቁጥር የተጻፈባቸው ሠላሳ ነፍሳት፣ ከእነርሱም ቁጥር ሦስት ጣት ነካሹ፣ ቁጥር ዘጠኝ እንቅልፋሙ፣ ቁጥር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት አንዱ በሌላው ላይ ካልተኛ የማያርፉት፣ ቁጥር ሃያ ሁለት ውሃ ጠጪው ጨዋ፣ ከሁሉም የገነነው ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ባዶ አፉን የሚያላምጠው። ወልደ ሰንበት በየማለዳው ሁለት ሰዓት ሲሆን አንድ በአንድ እያነሣ በየአፋቸው ያንጠባጥብላቸዋል፤ ቀጥሎም ሰዓቱን ይዞ በእያንዳንዱ ፊት አምስት ደቂቃ ይቀመጥና ስንት ጊዜ ባዶ እንዳላመጠ ቆጥሮ ይጽፋል። ገና በአራተኛው ወር፣ መድኃኒት ከሚቀምሱት አንዳንዶቹ ልክ እንደ እኅቱ ሲያላምጡ ባየ ጊዜ፣ ከመጋዘኑ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ቆመ። እኔ አይቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ፣ ስምንቱ ወር ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከተማው ቆሻሻውን አቃጥሎ ጢሱ ገና ሳይበተን፣ ጓድ ወልደተንሣኤ በስብሰባ ላይ ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«የቀበሌያችን ሰፊ ሕዝብ ስማ። አይጥ ጎተራህን የሚያራቁት ፀረ ምርት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ቤት ለቤት የአይጥ ማጥፋት ዘመቻ ይደረጋል። ቀበሌያችን ስድስት መቶ ጅራት ሊያስረክብ ቃል ገብቷል። አይጥ የደበቀ የአይጥ ተባባሪ ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ወልደ ሰንበትም አብሮ አጨበጨበ፤ ከዚያም ወደ ሊቀ መንበሩ ቀርቦ የርሱ አይጦች የጥናት መሆናቸውን፣ እህል ሰርቀው እንደማያውቁ፣ ደግሞም ነጭ መሆናቸውን አስረዳ። ሊቀ መንበሩ ቀለም ከዘመቻ እንደማያስምር፣ ከወረዳ ጽሑፍ ካልመጣ በቀር አይጥ አይጥ እንደሆነ ነገረው። ወልደ ሰንበት ወደ ቴሌ ሮጦ፣ አዲስ አበባ የመቁጠሪያውን መሣሪያ ተራ ይጠብቁ ለነበሩት ለዶክተር ለተጊዮርጊስ ደወለ። እርሳቸውም አይጦቹን የሚያስምረው ደብዳቤ ከሁለት ሳምንት በፊት እንደማይፈረም፣ እርሳቸውም ኅዳር ሃያ አንድ ካልሆነ እንደማይደርሱ ነግረውት፣ መስመሩ ሊቆረጥ ሲል ይህን ብቻ ተናገሩ፦

«እንደምንም አቆያቸው። አንዲት ማለዳ ከተዘለለች ግን የስምንት ወሩን ድካም ውሃ በላው።»

ያን ጊዜ ወልደ ሰንበት መከረ፤ አማካሪውም እኔ ብቻ ነበርሁ። ከአማቴ ግቢ ሦስት ባዶ ቀፎዎች አመጣሁለት፤ አፋቸውን በሽቦ ወንፊት ዘጋን፤ በየቀፎው አሥር አሥር አይጥ ከገለባና ከቂጣ ጋር አስገባን፤ በላዩም ሰም ቀብተን በብርድ ልብስ ጠቀለልን። ሰኞ ኅዳር አሥራ ሦስት ሊነጋጋ ሲል፣ ወደ አንኮበር በሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጣን፤ እርሱ ጠብታውንና ሰዓቱን፣ እኔ መዝገቡን ይዤ።

ከኬላው ደረስን። ጠባቂው ሽማግሌ፣ ጭነት ሲፈትሽ የማይቸኩል ሰው ነበር። ምንድን ነው አለ፤ ንብ ነው ተባለ፤ ንብ ያለበትን ቀፎ ክፈት የሚል ሰው ደግሞ በሸዋ የለም። ሆኖም ጆሮውን ወደ አንዱ ቀፎ አስጠጋ፤ ያም ቀፎ የቁጥር አሥራ ሰባት ነበረ። ብዙ አዳመጠ።

«ይህ ንብ ያኝካል እንዴ?» አለ።

«የቆላ ንብ ነው» አለ ወልደ ሰንበት።

ጠባቂውም የቆላን ነገር ሁሉ ለማመን የተዘጋጀ ደገኛ ነበርና፣ አንገቱን ነቅንቆ አሳለፈን።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ገና መንገድ ላይ ነበርን። ወልደ ሰንበት የመኪናውን ጣራ ደበደበ፤ ሾፌሩም ሰውየው ለሆዱ ነገር የሚወርድ መስሎት ቆመ። ቀፎዎቹን ነፋስ ይንካቸው ብለን አወረድን፤ እርሱም ከጥድ ሥር ተቀምጦ፣ ነፋሱ ጋቢውን እየገለበው፣ ሠላሳውንም አንድ በአንድ አንጠባጠበላቸው፤ ቁጥር ሦስት ነከሰው፤ ደሙን ጠርጎ ቀጠለ። ተሳፋሪው ሁሉ ጀርባውን ብቻ እያየ፣ ይህን ያህል የሚያቆየው ሕመም ምን ይሆን እያለ አዘነለት።

መኪናው ከሚያበቃበት ከጎረቤላ ተነሥተን በእግር ወረድን። የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል፣ ወልደ ሰንበት በቴሌ ቃል ልኮበት፣ ከበቅሎው ጋር ይጠብቀን ስለ ነበር ሁለቱ ቀፎ በበቅሎ፣ ሦስተኛው በወልደ ሰንበት ጫንቃ ሆኖ፣ ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን፣ ብርዱ ወደ ወበቅ ሲለወጥ ብርድ ልብሱን እየገፈፍን፣ ማታ አልዩ አምባ ገባን፤ በዓወል አክስት በወይዘሮ ኩብራም ቤት ሰፈርን።

ወይዘሮ ኩብራ የጨውና የሸማ ነጋዴ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸውን ወልደ ሰንበት ለዓመታት በመርፌ ያከመላቸው ሴት ናቸው። እንግዳው ንብ ሳይሆን አይጥ መሆኑን ባወቁ ጊዜ አዑዙ ቢላህ ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እርሱም የእኅቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ባዶውን የጨው መጋዘን ቁልፍ አመጡ፤ እንዲህም ሲሉ ደነገጉ፤ አይጦቹ ከደጃፉ አይለፉ፤ ስማቸው በምግብ ላይ አይነሣ፤ ድመቲቱም ለዘጠኝ ቀን ወደ ጎረቤታቸው ወደ አፊፋ ቤት ትሰደድ። ድመቲቱ በጆንያ ሆና እየጮኸች ሄደች። ሠላሳው ስደተኞችም ወንፊት በተወጠረባቸው የሻይ ሣጥኖች ተቀመጡ።

በዚያም አራት ማለዳ በሰላም አለፈ። በአምስተኛው ቀን፣ ከጠብታው በኋላ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት የሣጥኑን ማዕዘን በልቶ ወጣ። ለካስ ሲያላምጥ የኖረው ሁልጊዜ ባዶውን አልነበረም። በደጃፉ አልፎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከጓዳም ወደ ሽምብራው ጆንያ። ወልደ ሰንበት ጋቢውን ጣለ፤ ዓወል በሩን ያዘ፤ እኔ መዝገቡን ይዤ ከወንበር ላይ ወጣሁ፤ ወይዘሮ ኩብራ ከእኔ ቀድመው ወጥተው ነበር። ውጊያው ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ሽምብራው እንደ በረዶ ወረደ፤ በመጨረሻም ወልደ ሰንበት ጣቱን ማር አስነክቶ በሆዱ ተኝቶ ጠበቀው፤ ጠላቱም ሊልስ መጣና ተማረከ። ድል ሆነ። ነገር ግን አፊፋ ያን ሰዓት እሳት ልትጭር መጥታ ኖሮ ነጭ አይጥ አየች፤ ያየችውንም ለገበያው ነገረች፤ ገበያውም ለሽቅብ ወጪው፤ ወሬውም በማግስቱ ደብረ ብርሃን ገባ።

ጓድ ወልደተንሣኤ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። በሕዝብ ፊት ካወጃቸው ስድስት መቶ ጅራቶች ሠላሳ ስድስቱ ጎድለውት ነበርና፣ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አስከትሎ ተነሣ። ጎረቤላ አድሮ ቁልቁለቱን በማለዳ ወረደ፤ ኅዳር ሃያ ቀን፣ ጫማው ጣቶቹን ልጦት፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል በጨው መጋዘኑ ደጃፍ ቆመ።

ወልደ ሰንበት በቁጥር አሥራ ሰባት ፊት ተቀምጦ እየቆጠረ ነበር። ሊቀ መንበሩ በሕግ አምላክ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ወልደ ሰንበት ዓይኑን ከአይጡ ሳያነሣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ፤ ዝም በል ማለት ነው። በዚያ ዘመን በሊቀ መንበር ላይ እንዲህ ያለ ጣት የተነሣበትን ሌላ ቦታ አላውቅም። ሁለቱ ጓዶች መሬት መሬት አዩ። እኔ ስለ ሁላችንም ዕድሜ አሰብሁ። ሊቀ መንበሩ ግን፣ ከድካሙ የተነሣ ይሁን ከመደነቁ፣ በመጋዘኑ ጥግ በቀረ የጨው ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ።

አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ወልደ ሰንበት ሰዓቱን አውልቆ ለሊቀ መንበሩ ሰጠው፤ ራሱም ጎንበስ ብሎ እንዲቆጥር ለመነው። ጓድ ወልደተንሣኤ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። ቆጠረ። ቁጥር አሥራ ሰባት በአምስት ደቂቃ አርባ አንድ ጊዜ አላመጠ። ውሃ ጠጪውን ቁጥር ሃያ ሁለትን ደግሞ ቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ።

«ምን እያኘከ ነው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ምንም።»

ሊቀ መንበሩ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ።

«እንደ ደመቀች» አለ።

«እንደ ደመቀች» አለ ወልደ ሰንበት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማሳመር አልደክምም። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ወልደ ሰንበት ስለ በሮቹ፣ ስለ መልእክተኛውና ስለ ዘበኛው አስረዳው፤ ነገ ስምንቱ ወር እንደሚሞላ፣ ከዚያም በኋላ አይጦቹ እንደማይኖሩ ነገረው። ሊቀ መንበሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ክፍሉ ሲስቅ እርሷ አልቅሳ እንደሆነ። ወልደ ሰንበትም እቤት ከደረሰች በኋላ ነው አለው። ወይዘሮ ኩብራ ለሁሉም ውሃ አመጡ። ሊቀ መንበሩ ከጠጣ በኋላ ተነሣ፤ ሥልጣን ያለ አዋጅ አይቆምምና፣ በቦታው ለነበርን ስድስት ሰዎችና ሠላሳ አይጦች እንዲህ ሲል አወጀ፦

«በጅራታቸው ላይ ሐምራዊ ቁጥር ያለባቸው ነጫጭ አይጦች ለሰፊው ሕዝብ ጤና የዘመቱ ስለሆኑ እስከ ነገ ድረስ የሚነካቸው አይኑር። ከነገ በኋላ ራሳቸው ለጥናት፣ ጅራታቸው ለቀበሌ ይሁን።»

በዚያው ዕለት እስከ ጎረቤላ በእግር ወጥተን፣ ከዚያ በወረዳው መኪና፣ በዘበኛ ታጅበን ተመለስን። ማክሰኞ ኅዳር ሃያ አንድ የመጨረሻው ጠብታ በሰዓቱ ተሰጠ። ዶክተር ለተጊዮርጊስ በረዶ የሞላ ሣጥን ይዘው ደረሱ፤ አይጦቹን በሚያስተኛ መድኃኒት ሽታ አስተኝተው ሥራቸውን ጀመሩ። እርሳቸው ወልደ ሰንበትን ውጣ ብለውት ነበር፤ እርሱ ግን የለመዱት እጅ ይሻላቸዋል ብሎ እያንዳንዱን ራሱ ይዞ አቀበለ፤ ቁጥር ሦስት ያን ቀን አልነከሰውም። አንጎላቸው በበረዶ ወደ አዲስ አበባ፣ ሠላሳው ጅራት በፖስታ ወደ ቀበሌ ሄደ። የቀሩትን ስድስት ጅራቶች ሊቀ መንበሩ ከየት እንዳመጣ አይታወቅም፤ የሚስቱ ወንድም ወፍጮ ቤት እንዳለው ግን ይታወቃል።

በጥር ወር መልስ መጣ። መድኃኒቱን ስምንት ወር በቀመሱት አይጦች አንጎል ላይ የተጣበቀው ምልክት፣ ውሃ ከጠጡት በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። አንጎል በሩ ሲዘጋበት ሌላ በር ከፍቷል። ዶክተር ለተጊዮርጊስ ነገሩ በዚህ እንደማያልቅ፣ በሩ መብዛቱ ብቻውን አፍን እንደሚያንቀሳቅስ ገና እንዳልተረጋገጠ አስጠነቀቁ፤ ነገር ግን የደመቀችን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ፣ በየወሩ እያዩ ቀነሱላት። ድምፁ አልተመለሰም። አፏም በፋሲካ ሰሞን ረገብ አለ፤ ጨርሶ ግን አልተዋትም።

ሊቀ መንበሩም በየካቲት ስብሰባ ላይ፣ ከማዳበሪያው ጉዳይ በኋላ ከልዩ ልዩ ጉዳዮች በፊት፣ ደመቀች በዚያን ቀን ማስቲካ አለማኘኳን፣ የተሳሳተውም እርሱ መሆኑን አወጀ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረምና። እርሷ በማግስቱ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ወልደ ሰንበት ያደረገውን ሁሉ ለእኅቱ የነገራት ያን ሰሞን ነው። የቀፎውንና የሽምብራውን ነገር ስትሰማ ሳቀች፤ የመጨረሻዋን ማክሰኞ ሲነግራት ግን መፍተሏን አቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ስለ እኔ ነው የሞቱት?» አለችው።

ወልደ ሰንበት ከጎኗ ተቀመጠ። እጇን ያዘ፤ የሠላሳውንም ጠባይ አንድ በአንድ ነገራት።

እንግዲህ ምስጋናውን እንጻፍ። ነገሥታት በፈረስ ዘመቱ፤ ይህ ቀፎ ተሸክሞ ዘመተ። ሌሎች አምባ ሰበሩ፤ ይህ የሽምብራ ጆንያ ከበበ። ስሙ በጥናቱ ወረቀት ላይ ከምስጋናው መጨረሻ፣ ያውም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ታትሟል፤ በዚህ መዝገብ ግን ሳይሳሳት ተጽፏል። ወልደ ሰንበት ዘአንኮበር፣ ደገኛውን በቆላ ንብ ያሳመነ፣ ድመትን ያሰደደ፣ ሥልጣንን ጎንበስ አድርጎ ያስቆጠረ፣ ሠላሳ ነፍስ ከሞት አሽሽቶ በገዛ እጁ ለሞት ያቀበለ፣ የሁለቱንም ሸክም ሳያማርር የተሸከመ፤ ውርጭ ነው ሳይል፣ ዝናብ ነው ሳይል፣ በዓል ነው ሳይል፣ ከመጋቢት እስከ ኅዳር፣ አንዲት ማለዳ ያልዘለለ።